የስምንተኛዋ ልጅ ትኩሳት

ሾጎ ማኪታን ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ነው የማውቀው። ጸጉር ቤቴ ጃፓን ውስጥ ያይዙ በሚባለው ወደብ አጠገብ፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ፊት ለፊት ነው። አባቱ እጁን ይዞ ካመጣው ጊዜ ጀምሮ የዚያን ልጅ ራስ ከእኔ በቀር የነካው የለም። ሰው ፊቱን እንደፈለገ ያስመስላል፤ ማጅራት ግን ማስመሰል አያውቅም። የከፋው ሰው ማጅራቱ ይደነድናል፤ ያፈረ ሰው ማጅራቱ ይቀላል። የሾጎ ማጅራት መንደሪኑ መብሰል በጀመረበት በዚያ ወቅት እንደ ጣውላ ደንድኖ ነበር።

ሾጎ ዓሣ በጭስ የሚያደርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሸሚዙን መቶ ጊዜ ቢያጥብ የጭሱ ሽታ አይለቀውም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ከኋላው የሚቀመጠው ደንበኛ ያሽታል። ቀልድ የማይችል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ለማንም እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። በልጅነቱ ለሠፈራችን የልጆች እግር ኳስ ቡድን፣ ለሐማጂ፣ ተጫውቷል። ዛሬ ደግሞ ልጁ ቺናሚ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ለዚያው ቡድን በዚያው አሰልጣኝ ሥር ትጫወታለች።

አሰልጣኙ ማሱዳ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሜዳው ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሲያሠለጥን አንዲት የን አይቀበልም። ሲቆጣ ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ መቀስ ያስጥላል። ልምምዱ የድሮ ነው፤ መጀመሪያ ሩጫ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ኳሱ የሚመጣው እግር ሲዝል ነው። በፊት ቡድኑ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይሠለጥን ነበር። አሁን አገሩ ልጅ መውለድ አቆመና ስምንት ልጆች ብቻ ቀሩለት፤ ሰባት ወንዶችና ቺናሚ። በዚያ ዕድሜ የሚሰለፈው ስምንት ነው። አንዱ ጉንፋን ቢይዘው የሚተካው የለም።

ነገሩን ያመጣው ሺዙኦካ ከተማ ያለ አንድ ክለብ ነው። ክለቡ የሴት ልጆች ቡድን አለው። አዲስ ልጅ የሚቀበለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዚያ ወቅት ብቻ ነው። የገባች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እስክትጨርስ እዚያው ታድጋለች። እኛ ጋ ግን ሴት ልጅ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ኳስ የምትጫወትበት የለም። የመለስተኛ ደረጃው ቡድን የወንዶች ነው። በአሥራ አንድ ዓመታቸው በኳስ ያበዱ ሴት ልጆች በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ መለከት ሲነፉ ስንቱን አይቻለሁ። መለከት አልጠላም፤ ግን ከእነዚያ አንዷም መለከት መንፋት ፈልጋ አልነበረም።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሒሳብ ጀመሩ። የክለቡ ወርሃዊ ክፍያ የእኛን ሰባት እጥፍ ነው፤ ማሊያው፣ የክረምቱ ካምፕ፣ የባቡሩ ለብቻው። ሾጎ በሳምንት ሁለት ምሽት ትርፍ ሰዓት ቢገባ ይሞላል። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው። አሰልጣኞቹ የምስክር ወረቀት ያላቸው ናቸው፤ ልጅን አይጮኹባትም፣ ተንበርክከው ዓይን ዓይኗን እያዩ ያስረዷታል። ይህን የነገረኝ ሾጎ ነው፤ ሲነግረኝ በሹክሹክታ ነበር፤ ማሱዳ መንገዱን ተሻግሮ የሚሰማው ይመስል።

«የእኛው ግን በነጻ ነው ማለት ይቻላል» አለኝ፣ ራሱን እንደሚያጽናና።

ሚስቱ ሳናኤ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለችው ደግሞ እሷ ራሷ ነገረችኝ። «ርካሽ ነው የምትለው እኔን ሳትቆጥር ነው» አለችው። እውነቷን ነው። በሐማጂ ቡድን ገንዘብ አይከፈልም፤ እሁድ ነው የሚከፈለው። የሻይ ተራ አለ፤ ተራዋ የደረሳት እናት ለአሰልጣኙ በብርድ ትኩስ፣ በሙቀት ቀዝቃዛ ሻይ ይዛ ከጧት እስከ ማታ ሜዳ ዳር ትቆማለች። የመኪና ተራ አለ፤ ተራው የደረሰው አባት የሰው ልጆች ጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞራል። በፊት ወላጁ ብዙ ስለነበረ ተራው በወር አንዴ ነበር። ስምንት ቤት ብቻ ሲቀር ሁልጊዜ ተራ ሆነ። ሳናኤ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሥራ የሚበዛው እሁድ ነው። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ፈረቃ የምትለዋወጣቸውን ሴቶች ስትለምን አንገቷን ትደፋለች።

ሾጎ ደግሞ ሌላም ይቆጥር ነበር። የታኬታ ክር ማሰር ያስተማረው ማሱዳ ነው። አባቱ ባሕር ላይ በሚሆንባቸው ወራት ማታ ማታ ሩዝ ያበላው ማሱዳ ነው። ቺናሚ ከወጣች ሰባት ይቀራሉ፤ ሰባት ልጅ ይዞ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር መመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ ልጁን ሲያወጣ የሚያወጣው ልጁን ብቻ አልነበረም፤ የሽማግሌውን እሁዶች በሙሉ ነበር። ይህን እያሰበ ነው ማጅራቱ የደነደነው።

አሁን ስህተቱን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ደንብ አለ። ልጅህን ሌላ ቡድን ልታስሞክር ከፈለግክ መጀመሪያ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዘህ አሰልጣኙ ቤት ትሄዳለህ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክከህ ትናገራለህ። እሱ ያጉረመርማል፣ ጣፋጩን ይቀበላል፣ ይፈቅዳል። ከልክሎ የሚያውቅ የለም። ደንቡ ግን መጠየቁ ነው። ሾጎ ይህን ከማንም የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን እንዲህ አሰበ፤ ልጅቷ ሞክራ ባይቀበሏትስ? በከንቱ የሰውየውን ልብ ልሰብር ነው? መጀመሪያ ትሞክር፤ ካለፈች ያን ጊዜ እነግረዋለሁ፤ ካላለፈች ማንም ሳይጎዳ ይቀራል። አያችሁ፣ ክፋት የለበትም። እኛ ሰውን ላለማስቀየም ብለን ነው ሰውን የምንገድለው።

የሙከራው ቀን እሁድ ሆነ። ያ እሁድ ደግሞ የግጥሚያ ቀን ነበር።

ጧት ሜዳ ዳር ነበርኩ። የሻይ ተራ የደረሳት እናት ሥራ ሲይዛት እኔን ነው የምትለምነው፤ ልጆቼ አድገው ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ እኔ ግን ከዚያ ቴርሞስ አልተላቀቅኩም። ሳናኤ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ማሱዳ ነው። ቺናሚ ሌሊቱን ትኩሳት ይዟታል፣ በጣም ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ አለች። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ማሱዳ «በደንብ ትተኛ። ውሃ ስጧት» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሰባት ልጅ ተጫወቱ። በስምንት ላይ ሰባት ሆኖ መጫወት የተቀደደ መረብ ይዞ ባሕር እንደ መውጣት ነው፤ በአንዱ በኩል ስትይዝ በሌላው በኩል ያመልጣል። ልጆቹ እስኪያስመልሳቸው ሮጡ፤ ተሸነፉም። እኔን የገረመኝ ማሱዳ ያን ቀን አንድም ጊዜ አለመጮሁ ነው። እጁን አጣምሮ ቆመ። አሞት ይሆናል ብዬ ሻይ ጨመርኩለት።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹን ሰብስቦ «ቺናሚን እንጠይቃት» አለ። ከሱቅ በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬና ለትኩሳት የሚሰጠውን መጠጥ ገዛ። እኔንም ነይ አለኝ። ጭቃ በጭቃ የሆኑትን ልጆች አስከትለን እስከ ሾጎ ማኪታ ቤት ዳገቱን ወጣን።

መኪናው የለም። መጋረጃው ተዘግቷል። ደወሉን ስንደውል ከውስጥ የሚሰማው ራሱ ደወሉ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ፣ ሶማ የሚባለው፣ ሐኪም ቤት ወስደዋት ይሆናል አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ልጆች ናቸው፣ አመኑ። እኔ ግን በሩ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ አየሁት። የቺናሚ ታኬታ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚደርቀው። ባዶ ነበር። የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ሲሄድ ታኬታውን አይይዝም። ዓይኔን ሳነሳ ማሱዳም መደርደሪያውን እያየ ነው።

«አዎ» አላቸው ልጆቹን፣ «ሐኪም ቤት ነው የሚሆነው።»

ፌስታሉን የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለው። ድመት እንዳያወርደው ብሎ ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ከዚያ ዳገቱን ወረድን።

ማኪታዎች የተመለሱት ሊመሽ ሲል ነው። ፌስታሉን መጀመሪያ ያየችው ሳናኤ ናት፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች አሉ፣ ከነቦርሳዋ። ሾጎ ቁልፉን ይዞ በሩ ፊት ቆሞ ቀረ። ቺናሚ ካልሲዋ በሰው ሠራሽ ሣር ፍርፋሪ እንደተሞላ ፌስታሉን አወረደች፤ ውስጡን አየችና «ልብላው?» ብላ ጠየቀች። 

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ነበር። ቺናሚ ልምምድ መጣች። ማሱዳ «ተሻለሽ?» አላት። «አዎ» አለች። በቃ፤ ሌላ ነገር የለም። እኛ ጋ ሰው ሲጣላህ አይሰድብህም፤ ያከብርሃል። ሶማ ለእናቱ ቤቱ ባዶ እንደነበር ነገራት፤ እናቱ ለሌላዋ ነገረች። ከዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳናኤ ፊት የሚሰለፉት እናቶች ከወትሮው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት። አንዷ «ቺናሚ እንዴት ሆነች፣ ትኩሳት ክፉ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ሳናኤ የገንዘቡን መልስ ስትሰጣት ሳንቲሙ ተበተነባት።

ሾጎ የመጣው ማክሰኞ ነው። ጸጉሩ ገና አላደገም ነበር፤ ጢሜን ልላጭ አለ። እሺ ብዬ ወንበሩን አጋደምኩት፤ ትኩስ ፎጣ አለበስኩት፤ አረፋውን ቀባሁት። ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሳሳርፍ ነው የጠየቅኩት።

«ቺናሚን ትኩሳቱ ለቀቃት?»

«ለቀቃት፣ አክስቴ። ጉንፋን ብቻ ነው የነበረው» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፤ ሳንዛመድ ከልጅነቱ ጀምሮ አክስቴ ይለኛል። «ስላመጣችሁላት ኮክ እግዜር ይስጥልን።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ባሌ በሕይወት ሳለ ይህን ያውቅ ነበርና ስቆጣ ምላጬን ይደብቅ ነበር። አሁን የሚደብቅልኝ ስለሌለ ራሴ አነሳሁት፤ ጠረግኩት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እጄን አላመንኩትም።

«ሾጎ» አልኩት፣ «ጉንፋን ድሮም ታኬታ አድርጎ ነው የሚሄደው?»

ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ወንበሬ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። አንጀቴን በላው፤ ግን ንዴቴም አልበረደም።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረኝ። ቺናሚ አልፋለች። ሆኖም የገባችው ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ክፍያው እኩል ነው፤ ወረቀት ያላቸው አሰልጣኞች የሚያሠለጥኑት ግን አንደኛውን ቡድን ነው። ሁለተኛውን የሚይዘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከሃያ ልጅ መካከል ወንበር ልታሞቅ ትችላለች። እዚህ ደግሞ ያለ እሷ ቡድኑ አይንቀሳቀስም። የበሬ ጭራ ከመሆን የዶሮ አፍ መሆን ይሻላል ይባላል እኛ ጋ። ግን ዶሮዋ ራሷ ልትሞት ነው። ሳናኤ ትግባ ትላለች። መልሱ እስከ ቅዳሜ ይፈለጋል። ክለቡ ደግሞ ከአሰልጣኛችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የእሱን ፈቃድ ሳንሰማ አናስገባም ብሏል።

«ልጅቷስ?»

«ምንም አትልም። ስጠይቃት ጫማዋን ታያለች።»

 ከወንበሩ ቀና ብሎ አረፋውን በእጁ ጠረገ።

«ለልጄ ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ለልጅህ ብለህ ከሆነ በልጅህ ስም ለምን ዋሸህ?» አልኩት። «አንተ ሆድህን አመመኝ ብትል ምን ነበረበት? ትኩሳቱን እሷ ላይ ጫንከው። አሁን ተሻለሽ ሲሏት አዎ የምትለው እሷ ናት።»

 ማሱዳ ቤት አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ከባድ ነገር ሲኖር መካከል የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ማሱዳን አንተ ብዬ መናገር የምችል ብቸኛዋ ሴት ነኝ። እሺ አልኩ። የቀረውን ጢም ላጨሁት፤ አላስከፈልኩትም።

ዓርብ ምሽት ሄድን። ሳናኤ ፈረቃ ላይ ነበረች። ሾጎ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጣቢያው አጠገብ ካለው ቤት አንድ ካርቶን የባቄላ ጣፋጭ ይዟል። ቺናሚ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች በመካከላችን ትራመዳለች።  

ማሱዳ በሩን ከፍቶ ሦስታችንን አየ፤ ካርቶኑን አየ። «ግቡ» አለ። ሻይ ራሱ አፍልቶ አቀረበ። ስንት ዓመት ሴቶች ሲያፈሉለት የኖረ ሰው ነው፤ ሻዩ መራራ ነበር፣ ማንም ግን ፊቱን አላኮሳተረም። ወለሉ ላይ በተነጠፉት የመቀመጫ ትራሶች ላይ ተቀመጥን። ሾጎ ከትራሱ ወርዶ ካርቶኑን ወደ ፊት ገፋ፤ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

«አሰልጣኝ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። ድምፁ ከምንጣፉ ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። «ቺናሚ አልታመመችም። ሳላሳውቅዎ ሺዙኦካ ወስጃት አስሞክሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ የለችበትም፣ እናቷም የደወለችው እኔ ብያት ነው።»

 ማንቆርቆሪያው ላይ ያለው ክዳን ይንቀጫቀጫል። ሾጎ ቀና አላለም። ቺናሚ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የጣፋጩን ካርቶን ታያለች። አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማሱዳ ሳያየኝ እጁን አነሳ፤ ዘጋሁት። እንዲያ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውጡልኝ ቢል ሾጎ ተነስቶ መሄድ የሚችል አልመሰለኝም።

«የትኛው ቡድን ገባች?» አለ ማሱዳ በመጨረሻ።

«ሁለተኛው» አለ ሾጎ።

«ሁለተኛው» አለ ማሱዳ ደግሞ፣ ለራሱ።

ከዚያ ከትራሱ ወረደ። መጀመሪያ ሊነሳ መስሎኝ ነበር። ግን ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ፤ መላጣውን ለሾጎ ደፋ። ያን መላጣ በየወሩ እላጨዋለሁ፤ ለሰው ዝቅ ሲል ግን አይቼው አላውቅም። አሁን ሁለቱም ወንዶች ራስ ለራስ ተደፍተው እኔና ልጅቷ ብቻ ቀጥ ብለን ተቀመጥን።

«የክለቡ አሰልጣኝ ደውሎልኝ ነበር» አለ ማሱዳ። «ከእሁዱ በፊት። ስትመዘገቡ የቡድኑን ስም ጽፋችኋል፤ አሰልጣኝ ለአሰልጣኝ መደወል ደንብ ነው። ሳናኤ ትኩሳት ብላ ስትደውል አውቅ ነበር።»

ይህን ጊዜ መታገስ አልቻልኩም። «ታዲያ እነዚያን የደከሙ ልጆች ይዘህ ያን ዳገት ያስወጣኸን ለምንድነው?» አልኩት።

«ምናልባት እውነት ቢሆን ብዬ» አለ። «ደጃፉ ላይ ስቆም ታምማ ተኝታ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የሰው ልጅ እንዲታመም የተመኘሁት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው።»

ሾጎ ቀና ሊል ሲል ማሱዳ ቀጠለ። «ጎንበስ ያልኩት ለዚህ አይደለም። ሰውየው ልጅቷ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ቦታ ትሞላለች አልኩት። እሁድ ዕለት በዚያ ዓይን ነው ያያት። ስምንተኛዬን መስጠት አልፈለግኩም፣ ሾጎ።»

 ሾጎ ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት፤ ንዴት የማያውቅ ሰው ሲናደድ ፊቱ ምን እንደሚሆን ያን ቀን አወቅኩ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እጁ ሲኒውን ፈለገ፤ የሚወረውረው መሰለኝና እኔ ቀድሜ ያዝኩት።

«እውነቱ ምንድነው ታዲያ?» አለ። አሰልጣኝ ብሎ አልጠራውም፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው መሰለኝ።

ማሱዳ ስልኩን ከመሳቢያው ላይ አወረደ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ደወለ። የክለቡ አሰልጣኝ ሲያነሳ ማሱዳ የራሱን ስም ተናገረና ሰውየውን አላስጨረሰውም።

«ባለፈው ስለ ማኪታ ልጅ የነገርኩህ ውሸት ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ልጆች አሠልጥኛለሁ። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የት እንደሚያርፍ የምታውቅ እንደዚህች ያለች አላጋጠመችኝም። ወንዱንም ሴቱንም ጨምሬ ነው የምልህ። ባለፈው ያየሃት ውሸት ተሸክማ ስትጫወት ነው። አንደኛው ቡድን ውስጥ አስገብተህ እንደገና እያት። እምቢ ካልክ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።»

ሰውየው ወዲያ ማዶ ብዙ ተናገረ። ማሱዳ እሺ፣ እሺ፣ ይቅርታ ይላል። ሾጎ ጉንጩ ላይ የሚወርደውን እንባ አልጠረገውም። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ነው ቺናሚ የተናገረችው። 

«አሰልጣኝ» አለች፣ «እኔ ጎበዝ ነኝ እንዴ?»

ማሱዳ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። አያት። «ነሽ» አለ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

ማሱዳ መነጽሩን አወለቀ።  «ብነግርሽ ትሰንፊያለሽ ብዬ» አለ። «እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው።»

ቺናሚ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። የቤት ሥራ ስህተቷን እንደምታርም ሁሉ አሰበች።

«እኔ እኮ የምመጣው ስምንት እንድንሞላ ብዬ ነበር» አለች።

ማሱዳ እጁን ከስልኩ ላይ አነሳ። ከወዲያ ማዶ ሰውየው ሃሎ፣ ሃሎ ይላል። መልስ አልሰጠውም። ቺናሚ በጉልበቷ እየሄደች ቀረበችና ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ሰጣት።

«ቺናሚ ማኪታ ነኝ» አለች ስልኩ ውስጥ። አዳመጠች። «እሺ። እሁድ መምጣት እችላለሁ» አለች። ይህን ስትል አባቷንም አላየችም፣ ማሱዳንም አላየችም።

በዚያ እሁድ ግጥሚያ ነበረን። ማሱዳ ያውቃል፤ ስልኩን ተቀብሏት መሳቢያው ላይ መለሰው።